ጀግናዋ ምን ይዛ ትመለስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማ የደረሱን ናቸው፤ የሚያጠነጥኑትም በሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ ድራማና «የጀግና ጉዞ» በሚባለው የታሪክ ቅርጽ ላይ ነው። ቅርጹን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ባለታሪኩ ከለመደው ዓለም ይጠራል፤ ደፉን ተሻግሮ ወደማያውቀው ይገባል፤ እዚያ ይፈተናል፣ ይለወጣል፤ ያገኘውን ይዞ ወደ ወገኑ ይመለሳል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን አዘጋጆች። ከሄርማታ የምንጽፍላችሁ አራት ጓደኛሞች ነን። 12 ክፍል ያለው የሳይንስ ልቦለድ ድራማ እየጻፍን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 40 ደቂቃ ነው። ባለታሪኳ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ናት። አንድ ሌሊት የጣቢያው የመገናኛ ሬዲዮ ከምድር ውጭ የመጣ መልእክት ይቀበላል። የካምቤልን 17 ደረጃዎች ወስደን ለአንዳንዱ ክፍል አንድ፣ ለአንዳንዱ ሁለት አድርገን አደልናቸው። እስከ 3ኛው ክፍል ያነበበው ሁሉ ወደደው። ከ4ኛው ጀምሮ ግን እኛንም ራሳችንን ደከመን። ስህተቱ የት ነው?

መልስ፦ ስህተቱ አደላደሉ ላይ ነው እንጂ ታሪኩ ላይ አይደለም። ተረኛዋን፣ ሬዲዮውንና ጣቢያውን አትንኩ።

ጆሴፍ ካምቤል በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ 17ቱን ደረጃዎች በሦስት ከፍሏቸዋል፦ 5 የመለየት፣ 6 የፈተናና የለውጥ፣ 6 የመመለስ። ካምቤል የአፈ ታሪክ ተመራማሪ ነበር። የዘረዘረው ብዙ ተረቶች የሚጋሩትን አጥንት ነው፤ የስክሪፕት ጸሐፊ የሥራ ዕቅድ አይደለም። ለሆሊውድ እንዲመች ወደ 12 ያሳጠረው ክሪስቶፈር ቮግለር ነው፤ እሱም ቢሆን በዋናነት ያሰበው ሁለት ሰዓት አካባቢ ለሚያልቅ ፊልም ነው። እናንተ የያዛችሁት 480 ደቂቃ ነው።

አንድ ክፍል አንድ ደረጃ ብቻ ሲደርሰው ሙሉ ሰው አይወጣውም፤ ክንድ ብቻ ወይም አንገት ብቻ ሆኖ ይቀራል። «እምቢታ» የደረሰው ክፍል 40 ደቂቃ ሙሉ እምቢ ሲባልበት ይውላል። «የፈተና መንገድ» የደረሰው ደግሞ ፈተና በፈተና ላይ ይቆልላል፤ ፈተናዎቹ ምንም ስለማያስከፍሏት ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። የእናንተ 4ኛ ክፍል የገባው እዚህ ውስጥ ነው። እስከ 3ኛው የተሳካላችሁ ጥሪው፣ እምቢታውና መሻገሩ በተፈጥሯቸው ጥያቄ ስለሚያስነሱ ነው፤ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄውን ጸሐፊው ራሱ መፍጠር አለበት።

መፍትሔው ክብ በክብ ውስጥ መሥራት ነው። ትልቁ ክብ 12ቱን ክፍል ይይዛል። በውስጡ ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ክፍል የሚይዙ መካከለኛ ክቦች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ የራሱ ትንሽ ክብ አለው። ለትንሹ ክብ 40 ደቂቃውን በአራት ገቢር ክፈሉት፤ አንዱ ገቢር 10 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። በ1ኛው ገቢር መጨረሻ ባለታሪኳ ከለመደችው ነገር ትወጣለች። በ2ኛው መጨረሻ ያሰበችው መንገድ ይዘጋባታል። በ3ኛው መጨረሻ መልሳ የማታገኘውን ነገር ትከፍላለች። በ4ኛው ወደተነሳችበት ትመለሳለች፤ ቦታው ግን እንደ በፊቱ አይቀበላትም። ትዕይንቶቹን ከ25 እስከ 30 አድርጓቸው። ከዚያ ከበዙ ካሜራና መብራት በማዛወር ብቻ የቀረጻ ቀናችሁ ያልቃል፤ ከ20 በታች ከሆኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወሬ በዝቷል ማለት ነው። ርዝመቱን በገጽ ብዛት አትገምቱ። አራታችሁም ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በሰዓት ያዙ።

እስቲ 4ኛውን ክፍል እንዲህ ሞክሩት። የመልእክቱ ሁለተኛ ክፍል የሚሰማው ሬዲዮው ሌሊቱን ሙሉ የጄኔሬተሩን ኃይል ካገኘ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ የቡና መፈልፈያውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ የቀኑ እሸት ቡና ግቢው ውስጥ ተቆልሏል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ፍሬው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ሲነጋ ኮምጣጣ ሽታ ያመጣል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል። ያ ክምር የጎረቤቶቿ የዓመት ገቢ ነው። ማሽኑን ብታጠፋ መልእክቱን ትሰማለች፤ ጠዋት ግን በሩ ላይ የሚጠብቋትን ሰዎች ዓይን ማየት ሊኖርባት ነው። ማሽኑን ባታጠፋ ቡናው ይተርፋል፤ መልእክቱ ደግሞ አይደገምም። ይህን ትዕይንት ስትቀርጹ ካሜራውን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ካለው እጇ አታንቀሳቅሱት። ማሽኑ ሲቆም የሚመጣው ጸጥታ፣ ከዚያም በቦዩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ድምፅ ብቻውን መሰማቱ፣ ከማንኛውም የጠፈር ውጊያ ይበልጣል።

ትልቁን ክብ ስትደለድሉ መሻገሪያው ቢዘገይ ቢዘገይ በ2ኛው ክፍል መጨረሻ ይሁን። ከ3 እስከ 6 ፈተናዎች ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው የበለጠ ያስከፍላት። 7ኛው ጨለማው ዋሻ ነው፤ የምትፈራውን ፊት ለፊት የምታገኝበት። 8 እና 9 የዚያ ዕዳ መክፈያ ናቸው። ከ10 እስከ 12 መመለሻ። ሦስት ሙሉ ክፍል ለመመለሻ በዛ አትበሉን። ካምቤል ራሱ ከ17ቱ 6ቱን የሰጠው ለመመለስ ነው፤ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ብዙ ድራማዎች ግን የመጨረሻዋን 10 ደቂቃ ይሰጡትና አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ መንገደኛ ተጣድፈው ይዘጋሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይዛ የምትመለሰው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዕቃም ሊሆን ይችላል፣ ዕውቀትም፣ ማስጠንቀቂያም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ያ ነገር ባይመጣም የጣቢያው ሰዎች ኑሮ ያው ከሆነ ገና አላገኛችሁትም። በደብዳቤያችሁ ስለዚህ ነገር አንድም መስመር አልጻፋችሁም፤ የድካሙ ዋና ምንጭ እሱ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ 15 ደቂቃ የሚሆኑ የቪዲዮ ድራማዎች ይጽፋሉ። የሳይንስ ልቦለድ ሲሆን ሁሌም አንድ ሽማግሌ ሳይንቲስት ይመጣል፣ ይመክራል፣ ይሞታል። መካሪው የግድ መሞት አለበት?

መልስ፦ የለበትም፣ መምህር። የግድ የሚያስፈልገው መካሪው በቁርጡ ሰዓት አለመኖሩ ነው። ሞት አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ሊሳሳት ይችላል፤ ግማሹን ብቻ ሊያውቅ ይችላል፤ አውቆ ሊደብቅም ይችላል። ለ15 ደቂቃ ድራማ ከእነዚህ የሚሻለው መሳሳቱ ነው፤ ቀብርና ለቅሶ ሳያስፈልግ ልጁን ብቻውን ያስቀረዋልና።

ሞቱ ሲሠራ ለምን እንደሚሠራ ለተማሪዎችዎ ማሳየት ከፈለጉ ባቢሎን 5 የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ3ኛው ምዕራፍ ኮሽ የሚባለው እንቆቅልሽ ተናጋሪ መካሪ የሚገደለው ዋናው ባለታሪክ ሸሪዳን አጥብቆ የጠየቀውን እርዳታ እሺ በማለቱ ነው። መካሪው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ጠያቂው አያውቅም። የተማሪዎችዎ ሳይንቲስት ግን የሚሞተው ደራሲው ስለፈለገ ነው። እንዲህ ብለው ይዘዟቸው፦ መካሪው ከሁለት ጊዜ በላይ አይታይ፤ የመጀመሪያው ትዕይንቱ ከ90 ሰከንድ አይለፍ፤ አንድ ዕቃ ይስጥ፤ ከሚናገረውም አንዱ ስህተት ይሁን። ስህተቱን የሚያገኘው ደግሞ ልጁ ራሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ከአጂፕ ሰፈር ነኝ። የምወደው የድሮዎቹን ተከታታዮች ነው። በየሳምንቱ መርከቡ ይሄዳል፣ ችግር ይገጥመዋል፣ ይፈታል። ካፒቴኑ ግን በመጀመሪያው ክፍልና በመጨረሻው ያው ሰው ነው። ታዲያ ይሄ የጀግና ጉዞ ይባላል?

መልስ፦ ጉዞው አለ፤ የሚጓዘው ግን ካፒቴኑ አይደለም። በዚያ ዘመን ጣቢያዎች አንዱን ድራማ ደግመው ሲያሳዩ ቅደም ተከተሉን ላይጠብቁ ይችሉ ነበር። ተመልካቹም ያመለጠውን ክፍል በፈለገው ጊዜ መልሶ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ባለታሪኩ በክፍሉ መጨረሻ ወደ ነበረበት መመለስ ነበረበት። ከ1966 እስከ 1969 የታየው የመጀመሪያው ስታር ትሬክ 79 ክፍሎች በአብዛኛው እንዲህ የተሠሩ ናቸው። የሚለወጠው የዚያ ሳምንት እንግዳ ነው፤ ካፒቴኑ እንግዳውን ደፍ የሚያሻግር ነው። በዚህ ዓይን ቢያዩት ካፒቴኑ ራሱ የመካሪውን ወንበር ይዟል።

ይህ አሠራር የተሰነጠቀበትን ቦታ በደንብ ማየት ከፈለጉ ቀጣዩን ስታር ትሬክ፣ በ1987 የጀመረውን ይመልከቱ። በ1990 የ3ኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ካፒቴን ፒካርድን ቦርግ የሚባሉት ፍጡራን ማርከው አካሉን ከማሽን፣ አእምሮውን ከጋራ አእምሯቸው ጋር ያጣምሩታል። በዕውቀቱ ተጠቅመው የራሱን ወገኖች 39 መርከቦች ያጠፋሉ። በ4ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ይድናል። በድሮው ልማድ ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት ዩኒፎርሙን አስተካክሎ ወደ ሌላ ፕላኔት ይሄድ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። ቀጣዩ ክፍል ውጊያ የለውም፤ ከዚያ ተከታታይ 178 ክፍሎች የመርከቡ መምሪያ ክፍል ጨርሶ የማይታይበትም እሱ ብቻ ነው። ፒካርድ ፈረንሳይ ገጠር ወዳለው የአባቱ ቤት ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ ወይን ያለማል፤ የጠፈር ሥራም አይወድም። የባሕርን ወለል ከፍ የማድረግ ትልቅ የምድር ፕሮጀክት ለፒካርድ ይቀርብለታል፤ መርከቡን ትቶ ለመቅረትም ያስባል። ይህ ካምቤል «ለመመለስ እምቢታ» ያለው ነው፤ ብዙ ጸሐፊ የሚዘለው ደረጃ። ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች ወይኑ መሃል ይጣላሉ፣ ይደባደባሉ፣ ጭቃ ውስጥ ይወድቃሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ሳቁ ሳይቋረጥ የፒካርድ ፊት ይለወጥና ያለቅሳል፤ ሊያስቆማቸው እንዳልቻለ፣ ጥንካሬው እንዳልበቃው ይናገራል። ወንድሙ አያባብለውም። ይህን ነገር ለረጅም ዘመን ተሸክመኸው እንደምትኖር እወቅ ይለዋል።

አሠራሩን ልብ ይበሉ። ያለቀሰው ከጦርነቱ ማግስት አዛዦቹ ፊት አይደለም፤ ጭቃ ላይ፣ ልጅ ሳለ የሚያውቀው ሰው ፊት ነው። መመለስ ማለት ይህ ነው፦ ያገኘውን ማዕረግ የማያውቅለት፣ ድሮውን የሚያውቅበት ሰው ጋ መድረስ። ይህን ክፍል የጻፈው ሮናልድ ሙር ከዓመታት በኋላ አዲሱን ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለ ተከታታይ የመራው ሰው ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ እምቢታው ስንት ክፍል ቢወስድ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ከግማሽ ክፍል አይብለጥ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ እምቢታው ራሱ ጉዳት ያድርስ፤ እምቢ ባለበት ሰዓት የሆነ ሰው ዋጋ ይክፈል። ምንም ጉዳት የማያመጣ እምቢታ ተመልካች መጨረሻውን የሚያውቀው ማመንታት ነው፤ ድራማው እንዲቀጥል መሄዱ እንደማይቀር ማንም ያውቃል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በኢንተርኔት የምናሳየው የሳይንስ ልቦለድ ድራማ አለን። 8 ክፍል ወጥቷል። ዋና ተዋናያችን አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። ጉዞው ገና መሃል ላይ ነው። ሌላ ሰው በዚያው ስም እናስገባ ወይስ እንግደለው?

መልስ፦ ሁለቱም ከመደረጋቸው በፊት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ጉዞውን ለሁለት ሰው ማካፈል። የባቢሎን 5 ታሪክ ለእናንተ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ፈጣሪው ማይክል ስትራዚንስኪ ታሪኩን ከመጀመሪያው ለአምስት ዓመት አቅዶት ነበር፤ የ3ኛውንና የ4ኛውን ምዕራፍ 44 ክፍሎች በሙሉ ብቻውን ጽፏል። ለየገጸ ባሕርዩም መውጫ በር አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፤ ተዋናይ ቢሄድ ታሪኩ እንዳይሞት። ከ1ኛው ምዕራፍ በኋላ ዋናው ባለታሪክ አዛዥ ሲንክሌር ሄደ፤ በ2ኛው ሸሪዳን ተተካ።

ጥበቡ ያለው የሲንክሌርን ጉዞ ባልሰረዙት ላይ ነው። በአምባሳደርነት ወደ ሌላ ፕላኔት ላኩት። በ3ኛው ምዕራፍ በሁለት ክፍሎች መልሰው አመጡትና 1,000 ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ የዚያ ሕዝብ ትልቅ ነቢይ ሆኖ ቀረ። ሸሪዳን ደግሞ በ3ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሞት አፋፍ ዘልቆ በ4ኛው ሲመለስ ቀሪ ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ብቻ ሆነ። አንዱ ሄዶ የማይመለሰው፣ ሌላው ዋጋ ከፍሎ የሚመለሰው ሆኑ። አንድ ክብ በሁለት ሰው ተዘጋ።

ለእናንተ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለምኑትና ሦስት ነገር ቅረጹ፦ የመለያየት ትዕይንት፣ የትም ሊገባ የሚችል የ1 ደቂቃ የቪዲዮ መልእክት፣ ወደፊት ለሚመለስበት ቀን ደግሞ ፊቱ ብቻ የሚታይበት ያለ ቃለ ተውኔት የሆነ ቀረጻ። የመጨረሻው ግራጫ ወይም ጥቁር ጨርቅ ፊት ይቀረጽ፤ ከየትኛውም ቦታ ጋር ይገጥማል። ድምፁንም ለብቻ ያዙ፤ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «ጠብቀኝ»፣ የተተኪው ባለታሪክ ስም፣ በሦስት ዓይነት ስሜት።

ተተኪው የድሮውን ሰው ጥያቄ ይውረስ እንጂ ጠባዩን አይቅዳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሄደው ቁጡ ከነበረ የመጣው ዝምተኛ ይሁን። ለሁለት ክፍል ያህል ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት አይቀበሉት፤ ተመልካቹም በልቡ አልተቀበለውምና ያ ቅሬታ ስክሪን ላይ ሲነገርለት ያርፋል። በዚያው ስም ሌላ ፊት ማስገባት ግን በሳይንስ ልቦለድ የሚሠራው ዓለሙ ራሱ ሲፈቅደው ነው። ዶክተር ሁ የተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ በ1966 የዋናው ተዋናይ ጤና ሲታወክ ባለታሪኩ አካሉን የሚቀይር ፍጡር ነው ብሎ አለፈው፤ ያ መፍትሔ የድራማው ምሰሶ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። እናንተ ግን በ8 ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ፍንጭ ካልሰጣችሁ 9ኛው ላይ ማምጣት ማታለል ይመስላል።

ጥያቄ፦ የጀግና ጉዞ የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ብቻውን ወጥቶ፣ ብቻውን ተዋግቶ፣ ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው የፈረንጅ ጀግና ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሄድ ሰፈር ሙሉ ይሸኘዋል፣ ሽማግሌ ይመርቀዋል፤ ሲመለስ ደግሞ እድሩም ዘመዱም የየድርሻውን ይጠብቃል። ይህን የያዘ የሳይንስ ልቦለድ መጻፍ አይቻልም? (አንዲት አንባቢ፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቅሬታሽ ትክክል ነው፤ ከፈረንጆቹም መካከል ያነሱት አሉ። ሞሪን መርዶክ በ1990 የሴት ባለታሪክ ጉዞ ከካምቤል ቅርጽ በምን እንደሚለይ ያሳየ መጽሐፍ አሳትማለች፤ እዚያ የሚፈለገው ከድል ይልቅ ከራስ ጋር የተቆራረጠውን መልሶ ማገናኘት ነው። ይሁን እንጂ ቅርጹን ጠቅላላ አትጣይው። ካምቤልም ቢሆን ጉዞው የሚሞላው ያገኘውን ለወገኑ ሲያደርስ ነው ብሏል። ብቸኛውን ተዋጊ ያገነነው በአብዛኛው ከኋላ የመጣው የፊልም ልማድ ነው።

የማኅበረሰብ ጉዞ በሳይንስ ልቦለድ ድራማ ምን እንደሚመስል ለማየት ከ2004 እስከ 2009 የታየው ባትልስታር ጋላክቲካ ይጠቅምሻል። ዓለማቸው ጠፍቶ በመርከቦች የተረፉ ሰዎች ይሸሻሉ። በመጀመሪያው መደበኛ ክፍል ጠላት በየ33 ደቂቃው ይደርስባቸዋል፤ ከአምስት ቀን በላይ እንቅልፍ የለም። ፕሬዚዳንቷ ቢሮ ውስጥ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ላዩ ላይ የተረፈው ሰው ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ክፍሉን ሙሉ ሲቀንስ ይውላል። መጨረሻ ላይ አንድ ሕፃን መወለዱ ይነገራታል፤ ከሰሌዳው ላይ 47,972ን ታስተካክልና 47,973 ታደርገዋለች። የዚያ ክፍል ጀግና ቁጥሩ ነው። ማንም ብቻውን አላሸነፈም፤ ሁሉም አብረው አንድ ሰው ጨመሩ።

ያንን ሰሌዳ ወደ ቤት አምጪው፤ የእድር መዝገብ አድርጊው። ከጅማ ተነስታ ወደ ሌላ ፕላኔት የምትሄድ መርከብ ውስጥ 200 አባወራ ይኑር፤ መዝገቡን የምትይዘው ሴት ባለታሪክሽ ትሁን። በየክፍሉ መጀመሪያ መዝገቡን ትገልጣለች። ሰው ሲሞት፣ ሲወለድ፣ ሲጣላ፣ መዋጮ ሲያቆም ትጽፋለች። መዋጮው ብር ሳይሆን የውሃ ሊትር ቢሆን ደግሞ የሳይንሱ ክፍል በራሱ ገባ፤ በመርከብ ላይ ውሃ እንዴት ይጣራል፣ ማን ስንት ይጠጣል፣ የቀብር ሥርዓት አፈር በሌለበት እንዴት ይፈጸማል? ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ይወጣል።

ምርቃቱንም አጥብቀሽ ያዢው። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ የሚናገር የጅማ ሽማግሌ መንገደኛን ሳይመርቅ አይሸኝም፤ ተሸኚውም «አሜን» ሳይል አይነሳም። ካምቤል «ደፉን መሻገር» ካለው የበለጠ የተሟላ ነው፤ ተሻጋሪው የሚሄደው በሌሎች ቃል ታስሮ ነውና። አጻጻፉ ላይ ይህን ሞክሪ፦ በ1ኛው ክፍል 40 ሰከንድ የሚሆን ምርቃት ጻፊ፤ ስድስት ሐረግ ብቻ ይኑረው። «ሄደሽ አትቅሪ»፣ «የበላሽበትን አትርሺ»፣ «እጅሽ ባዶ አይመለስ» ዓይነት፣ ሰው በእውነት የሚለው። ከዚያ እያንዳንዱ ሐረግ የአንድ ክፍል ፈተና ይሁን። «የበላሽበትን አትርሺ» የተባለች ሴት በ5ኛው ክፍል ያበላትን ሰው አሳልፋ እንድትሰጥ ትጠየቅ። ምርቃቱን ደግመሽ አታሰሚ፤ ተመልካቹ ያስታውሰዋል።

የመመለሻውን ትዕይንት ደግሞ በአንድ ዕቃ ማሳየት ይቻላል። ከአንድ እንጨት የተፈለፈለው የጅማ በርጩማ በቤቱ ውስጥ ባለቤቱ የታወቀ መቀመጫ ነው። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ እሷ የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ የማታውቀው ሕፃን ተቀምጦ ይጠብቃት። ማንም ተነስ አይበለው። ቆማ ቡናዋን ትጠጣ። ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ያንን ርቀት ያውቃል።

ጥያቄ፦ ደፉን መሻገሩን ያለ ገንዘብ እንዴት እናሳይ? ኮምፒውተር ላይ የሠራነው የጠፈር መርከብ መጫወቻ ይመስላል።

መልስ፦ መርከቡን ተዉት። በዚህ ዘርፍ ስመ ጥር ከሆኑት መሻገሪያዎች አንዳንዶቹ የተወለዱት ከገንዘብ እጥረት ነው። ስታር ትሬክ ሰውን ከመርከብ ወደ መሬት በብርሃን የሚያወርደው መርከቡን በየሳምንቱ ሲያርፍ ማሳየት በጀቱን ስለሚያሟጥጥ ነበር። በ1963 የጀመረው ዶክተር ሁ የጊዜ መርከቡን የመንገድ ላይ የፖሊስ ሳጥን አደረገው፤ ከውጭ ጠባብ፣ ከውስጥ ሰፊ። ስታርጌት የተባለው ተከታታይ ከ1997 እስከ 2007 ለ214 ክፍሎች ያህል በዋናነት በአንዲት ቀለበት ተሻገረ። የሦስቱም ምሥጢር አንድ ነው፤ መሻገሪያው ሁልጊዜ ያው ዕቃ፣ ያው ድምፅ ነው። ተመልካቹ በ3ኛው ክፍል ድምፁን ሲሰማ ብቻ ተሻገሩ ይላል።

ስለዚህ አንድ በር ምረጡ። የብረት በር ይሻላል፤ የመጋዘን ወይም የቡና ጣቢያ ተንሸራታች በር። የሚከፈትበትን ድምፅ ማይክሮፎኑን በሩ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ አስጠግታችሁ ለብቻ ቅረጹት፤ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱት፤ ድምፁ ይወፍራል፣ የብረት ትንፋሽ ይመስላል። ከበሩ ወዲህ ያለውን ዓለም በቀን ብርሃን፣ ካሜራውን በእጅ ይዛችሁ ቅረጹ። ከበሩ ወዲያ ያለውን በትራይፖድ፣ በማይንቀሳቀስ ካሜራ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ባለችው 20 ደቂቃ ገደማ ሰማያዊ ብርሃን ቅረጹ። ያቺ ሰዓት አጭር ስለሆነች ተዋናዮቹ በ11 ሰዓት ተኩል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቃላቸውን አጥንተው ይጠብቁ፤ በአንድ ምሽት ከሦስት ወይም ከአራት ቀረጻ በላይ አታገኙም። በክረምት አታቅዱት። ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ምሽቱን ይወስድባችኋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ንግግር አይቀረጽም።

በቡና ጣቢያ ያሉትን የማስጫ አልጋዎች፣ ቡናው የሚደርቅባቸውን የሽቦ መደቦች፣ አትርሷቸው። ቡና በሌለበት ወቅት ባዶ ሽቦው ረድፍ በረድፍ ተዘርግቶ፣ ከታች አንድ ነጭ መብራት ሲበራበት ከጣቢያው ውጭ ያለ ሰው ምን እንደሆነ አያውቀውም። ጭስ ካስፈለጋችሁ እርጥብ ቅጠል አታቃጥሉ፤ ተዋናዩን ያስለዋል፣ ነፋስም ወደ ካሜራው ያመጣዋል። ዕጣን በሁለት ማጨሻ፣ ከካሜራው ወደ ጎን 2 ሜትር ርቆ፣ መብራቱ ከኋላ ሲመታው ይበቃል። ጄኔሬተሩን ደግሞ ከግንብ ኋላ፣ ገመዱ እስከሚፈቅደው ድረስ አርቁት፤ ከትዕይንቱ በፊት የ1 ደቂቃ ባዶ ድምፁን ለብቻ ቅረጹ፣ በኋላ ንግግሮቹ መሃል ለመሙላት ያስፈልጋችኋል።